የበግ ዓመት እኩዮች

ካምሻት በሥራ ላይ ስትሮጥ ያየ ሰው ካለ ይምጣና ይንገረኝ። እኔ አሥራ አራት ዓመት አብሬያት ሠርቼ አላየሁም። ቀናቸው ሳይደርስ የተወለዱ ሕፃናት የሚተኙበት ክፍላችን ዋና ነርስ ናት። ትልቅ ሴት ናት፤ ስትራመድ እንደ ተጫነች ግመል ነው። ወጣት ሐኪም ሮጦ ከገባ ድምጿን እንኳ ሳታነሣ፣ «ዶክተር፣ እሳት ከተነሣ ቀድሜ እነግርዎታለሁ፤ እስከዚያው ነፋስ አያስገቡብኝ» ትለዋለች። እኔንማ «ማርዣን፣ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እያለች ጆሮዬን አደንቁራዋለች። የሚገርመው ግን ዘግይታ አታውቅም። የአንዱ ሕፃን መቆጣጠሪያ ጮኸ ብዬ ነፍሴ እስኪወጣ ሮጬ ስደርስ፣ እሷ ቀድማ እዚያ ቆማለች፤ እጇንም ታጥባ ጨርሳለች። እንዴት እንደምትደርስ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

የተወለደችው ባሕሩ ሸሽቶ ጀልባዎቹ አሸዋ ላይ ተጋድመው ከቀሩበት መንደር ነው። አባቷ ዓሣ አጥማጅ ነበር፤ ዓሣው ሲያልቅ ቧንቧ ጠጋኝ ሆነ። ባሏ የባቡር ነጂ ነው፤ «ለአንድ ቤት አንድ ሯጭ ይበቃል» ትላለች። እኛ ክፍል ሠላሳ ሦስት ዓመት ሠርታለች። በእነዚህ ዓመታት አንድም ሕፃን አድንቃ አታውቅም። የማሞቂያውን ሳጥን ከፍታ አጎንብሳ፣ «አቤት መልክ! ይሄን አፍንጫ ከማን ተበደርሽው?» ነው የምትለው። ከዋና ከተማ የመጣ አዲስ ሐኪም በመጀመሪያው ሳምንት ደንግጦ ሊከሳት ነበር። እናቶቹ ናቸው ያስረዱት፤ እኛ ዘንድ ደካማ ልጅ የሚደነቀው ክፉ ዓይን እንዲበላው ሲፈለግ ነው።

ሽማግሌው የመጡት በመጋቢት፣ ጭቃው ከጉልበት በሚደርስበት ሰሞን ነው። ስማቸው ኦቴገን ይባላል፤ ፈረስ አርቢ ናቸው፤ ሚስታቸው ከሞተች አምስት ዓመቷ። የልጃቸው ሚስት አክማራል ደም ግፊቷ ሽቅብ ወጥቶ፣ አሥር ሳምንት ሲቀራት በቀዶ ጥገና አዋለድናት። ኩላሊቷ ስለተጎዳ የዚያኑ ዕለት ወደ ትልቁ ከተማ ሆስፒታል ተወሰደች፤ ባሏም አብሯት ሄደ። ልጅቷ ግን ጉዞ አትችልም ተባለና ቀረች። ሺህ አንድ መቶ አርባ ግራም፤ ከእነ ሽንት ጨርቋ። ስሟ ቱማር ነው፤ ስሙን አባቷ ከመሄዱ በፊት በበሩ በኩል ጮኾ ነው የነገረን።

ኦቴገን የክፍላችንን በር ከፍተው ቆሙ። በእጃቸው የቀበሮ ጠጉር ኮፍያ ይዘዋል፤ ጆሮ የሚሸፍነውን፣ ትልቁን የክረምት ኮፍያ።

«ልጅቷን አምጡልኝ» አሉ። «እዚህ ውስጥ አድርጌ እሰቅላታለሁ።»

አዲሷ ነርስ ጮኸች። እኔ አልጮኽኩም፤ ነገሩን አውቀዋለሁ። በአያቶቻችን ዘመን ቀኗ ሳይደርስ የመጣች ልጅ በቀበሮ ኮፍያ ተደርጋ በድንኳኑ ግድግዳ እንጨት ላይ ትንጠለጠል ነበር። በማግሥቱ ወደሚቀጥለው እንጨት ትዛወራለች። የጎደላት ቀን ስንት ነው? በዚያው ልክ እንጨት ትቆጥራለች፤ ከዚያ ተወለደች ይባላል። የአያቴ ወንድም እንዲያ ነው ያደገው፤ ሰማንያ ዓመት ኖሮ ሰውን ሁሉ አስመርሮ ሞተ።

ካምሻት ኮፍያውን ገልበጥ አድርጋ አየችው። «አባቴ፣ ኮፍያዎ መልካም ነው። ግን ቀበሮዋ በሕይወት ሳለች እጇን ትታጠብ ነበር?»

«ትቀልጂብኛለሽ እንዴ?»

«ኧረ እኔ! በእርስዎ ላይ? እንዲያው ልጅቷን ማሞቅ ከፈለጉ ከኮፍያው የሚበልጥ ነገር አለዎት። ሸሚዝዎን ያወልቁና እኛ ደረትዎ ላይ እናስተኛታለን። ገላ ለገላ። ልብዎን ትሰማለች፣ ትሞቃለች፣ አተነፋፈሷም ይስተካከላል። ሐኪሙም ያዘዘው ይሄንኑ ነው።»

ሽማግሌው ከአንገታቸው ጀምሮ ቀሉ። «በሴቶች ፊት? እኔ? ራቁቴን?»

«ከወገብ በላይ ነው፣ አባቴ።»

«ሌላ ሰው ፈልጉ!» አሉና ኮሪደሩ ውስጥ ካለው አግዳሚ ላይ ኮፍያቸውን አቅፈው ተቀመጡ። ሌላ ሰው ደግሞ የለም። ሁለት ቀን ሙሉ እዚያው ተቀመጡ። ካምሻት በትሕትና ለመነች፤ ሐኪሙ ለመነ፤ እኔም የድርሻዬን ለመንኩ። ሽማግሌ «አይሆንም» ካለ እኛ ዘንድ ነገሩ አበቃ፤ ማንም ወጣት ሁለተኛ አፉን አይከፍትም። በሁለቱ ቀን ውስጥ ቱማር ወደ ሺህ ስድሳ ግራም ወረደች። በቀን ስምንት ጊዜ መተንፈስ ረሳች። እንዲህ ያሉ ልጆች ይረሳሉ፤ መተንፈስ ገና ልማድ አልሆነላቸውም፤ የረሱትን የሚያስታውሳቸው ካጡ በዚያው ይቀራሉ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ካምሻት ወደ አግዳሚው ሄዳ ከፊታቸው ቆመች።

«የምን ዓመት ተወላጅ ነዎት?»

«የበግ።»

«እኔም በግ ነኝ» አለች።

ይህን የማያውቅ ካለ ላስረዳው። ዓመቶቻችን አሥራ ሁለት ናቸው፤ የእንስሳት ስም አላቸው፤ አይጥ፣ ላም፣ ፈረስ፣ በግ እያሉ ይዞራሉ። በአንድ ዓመት የተወለዱ ሰዎች እኩያ ናቸው። እኩያ ማለት እግዚአብሔር እንድትሰድበው የሰጠህ ሰው ነው። ኮፍያህን ቢሰርቅህ፣ በሠርግህ ላይ ስለ አፍንጫህ ቢያወራ፣ ፈረስህን አህያ ቢልብህ መቆጣት ነውር ነው። ለእኩያ «አይሆንም» ማለት ደግሞ ከዚያ የባሰ ነውር ነው።

ኦቴገን ቀና ብለው አዩዋት። ከቆቧ ስር ያፈተለከውን ሽበት አዩ። ስፋቷን አዩ። አንዲት ቅንጣት አልጠረጠሩም። (ካምሻት በኋላ ስትነግረኝ፣ «ከሁሉ ያቃጠለኝ እሱ ነው፤ ቢያንስ ትንሽ አይጠራጠርም?» ብላኛለች።) ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «እኩያዬ ሰይት ባለፈው ክረምት ሲሞት፣ በዚህ አገር ከበጎቹ የቀረሁት እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር» አሉ።

«አልቀረህም፤ ይኸው አለሁ» አለች ካምሻት። «በል አሁን ተነሥና ሸሚዝህን አውልቅ፣ አንተ ያረጀ በግ! ደረትህን የሚሰርቅብህ የለም።»

የያዝኩት ትሪ ከእጄ ወደቀ። ሽማግሌው ግን ተነሡ። ፊታቸው ላይ የነበረውን ዛሬም አስታውሰዋለሁ፤ የተሰደበ ሰው ፊት አልነበረም፤ ከሩቅ አገር ደብዳቤ የደረሰው ሰው ፊት ነበር።

እቃ ቤት ውስጥ ይዣት ገባሁ። «እትዬ ካምሻት! የሃምሳ አምስተኛ ዓመትሽን ኬክ የበላነው በጥር አይደለም እንዴ? እሳቸው ስልሳ ሰባት ናቸው!»

«ታዲያ?»

«ዋሸሻቸው!»

«በግ ነኝ አልኩ። በግ አይደለሁም? የፊተኛው ዙር ነሽ ወይስ የኋለኛው ብሎ ጠይቆኛል?» አለችና ሳሙናዋን አንሥታ ሄደች።

ገላ ለገላ ከመድረሱ በፊት ግን መታጠብ ነበረ። ካምሻት ሽማግሌውን ባቡር ጣቢያው አጠገብ ወዳለው የሕዝብ መታጠቢያ ላከቻቸው። ሲመለሱ አሸተተቻቸው። «የታጠብከው አንተ ነህ ወይስ ፈረስህ?» ብላ መልሳ ላከቻቸው። ሁለተኛ ሲመለሱ ደግሞ አሸተተች። ሦስተኛውን ጊዜ ሲገቡ ቆዳቸው እንደ ድንች ተልጦ ነበር። «አሁን ገና ሰው መሰልክ» አለች፤ «ብዙ ባይሆንም።»

ወንበር ላይ ጋደም አደረግናቸው። ቱማርን ከሳጥኑ አወጣናት፤ በአፍንጫዋ የወተት ቱቦ፣ በእግሯ የመቆጣጠሪያው ሽቦ፣ በራሷ ላይ ካምሻት የሠራችላት የሱፍ ቆብ። እጅና እግሯን አጥፈን በደረታቸው መሀል አስተኛናት፤ በሰፊ ጨርቅ አሰርናት። ሽማግሌው ደንጊያ ሆኑ። ዓይናቸው ፈጠጠ።

«ተንፍስ!» አለች ካምሻት። «መተንፈስ የምትማረው ካንተ ነው። አንተ ካቆምክ ማንን አይታ ትቀጥላለች?»

ተነፈሱ።

«እንዲህ። ስትረሳ ደግሞ አንተ አስታውሳት። የውስጥ እግሯን በጣትህ አሸት አድርግ። አትጩህ፣ አትሩጥ፣ አሸት ማድረግ ብቻ።»

ስለ ኮፍያውም ስምምነት ተደረገ። በኮሪደራችን ግድግዳ ላይ አሥራ አራት የካፖርት ማንጠልጠያ አለ። የጎደላት ሰባ ቀን ነው፤ አምስት ዙር ማለት ነው። ልጅቷ ደረታቸው ላይ ትሆናለች፤ ኮፍያው ባዶውን ከማንጠልጠያ ወደ ማንጠልጠያ ይሄድላታል። ኦቴገን ጠዋት ጠዋት ሲገቡ መጀመሪያ እሱን ያዛውራሉ፤ ከዚያ እጃቸውን እስከ ክርናቸው ይታጠባሉ፤ ከዚያ ሸሚዛቸውን ያወልቃሉ። አንድ ቀን ዋናው ሐኪም ሳያውቅ ካፖርቱን በኮፍያው ተራ ላይ ሰቀለ። ሽማግሌው ካፖርቱን አውርደው መሬት ላይ ጣሉት፤ «የልጅ ልጄን ቀን ሰረቀ!» ብለው ሆስፒታሉን አናወጡት። ዋናው ሐኪም ከዚያ ወዲህ ካፖርቱን ቢሮው ያሳድራል።

በክፍላችን የሳቅ ዘመን እንደዚያ ጊዜ አልነበረም። እናቶቹ ወተታቸውን የሚያልቡት እየሳቁ ነበር።

«አንተ ኦቴገን፣ ይሄ ደረት ነው ወይስ የተቀደደ ምንጣፍ? ልጅቷ ጠጉር ውስጥ ጠፋችብን!»

«አንቺ ዝም በይ! ስትራመጂ ባቡሩ መንገድ ይለቅልሻል አሉ።»

«ባቡሩማ ባሌ ነው የሚነዳው፤ ያከብረኛል።»

«ምስኪን! ምን አጥፍቶ ነው አንቺን ያገኘው?»

የግራም ነገር ግን አልገባቸውም ነበር። ዕድሜያቸውን ሙሉ ፈረስ ሲገምቱ የኖሩ ሰው ናቸው። ካምሻት አንድ ጠዋት፣ «አሥራ ስምንት ግራም ጨመረች» ስትላቸው፣ «አሥራ ስምንት ግራም ምንድነው? ዝንብ ነው?» አሉ። ከሻይ ጠረጴዛችን ላይ አንድ የሾርባ ማንኪያ ስኳር ቆለል አድርጋ ዘግና መዳፋቸው ላይ ገለበጠችው። «ይሄ ነው።» ሽማግሌው ስኳሩን ብዙ አዩት። ከዚያ ስልካቸውን አውጥተው ከተማ ላለው ልጃቸው ደወሉ። «አንድ ማንኪያ ጨመረች!» አሉት። «ምን ማንኪያ?» አለ ልጁ። «አንተ ምን ታውቃለህ!» ብለው ዘጉበት። ከዚያ ቀን ጀምሮ የቱማር ክብደት በማንኪያ ሆነ፤ እኛም ሳናውቀው በማንኪያ ማውራት ጀመርን።

አሁን የራሴን ጥፋት ልናገር፤ ካልተናገርኩ ያንቀኛል። በአሥራ ዘጠነኛው ቀን፣ ኮፍያው በሁለተኛው ዙር አምስተኛው ማንጠልጠያ ላይ ሳለ፣ የመቆጣጠሪያውን ሽቦ ከቱማር ግራ እግር ነቅዬ ወደ ቀኙ ላዛውረው ነበር። በዚያች ቅጽበት ከማዋለጃው ተጠራን፤ መንታ መጣ። ሽቦውን እዚያው ወንበሩ ላይ ትቼ ሮጥኩ። አዎ፣ ሮጥኩ። ካምሻት ቀድማ ሄዳ ነበር። ክፍሉ ውስጥ ከሽማግሌው በቀር የሚያያት አዋቂ አልነበረም፤ ሽቦውን ስነቅል ድምፁን አጥፍቼው ስለነበር ማሽኑም አይጮኽም።

ቱማር መተንፈስ ረሳች።

ኦቴገን በኋላ እንደነገሩን፣ ደረታቸው ላይ ሁልጊዜ የሚሰማቸው ትንሽ ነፋስ አለ፤ እሱ ቀረ። እግሯን አሹ፤ ምንም የለም። ደግመው አሹ። ከንፈሯ ጠቆረ። አልጮኹም። አልተነሡም። በጣታቸው ጠበቅ አድርገው የውስጥ እግሯን መታ መታ አደረጉና፣ «አንቺ ሰነፍ! እዚህ ድረስ መጥተሽ ነው የምትተኚው? ያቺ ወፍራም ብትሰማ ትገድለናለች!» አሏት። በዚህ ጊዜ ቱማር ዘለል ብላ አየር ሳበች፤ አለቀሰችም፤ ድምፅዋ የድመት ግልገል ድምፅ ነው።

ካምሻት ስትገባ እኔም ከኋላዋ ነበርኩ። ሽማግሌው ጣታቸውን ገና ከእግሯ አላነሡም። «ረስታ ነበር» አሉ። «አስታወስኳት።» ከዚያ እንባቸው በጢማቸው ላይ ወረደ።

ካምሻት መሬት የወደቀውን ሽቦ አየች፤ ቀጥላ እኔን አየች። «ማርዣን፣ ሽቦውን» አለች። በሕይወቴ እንዲያ የተቆጣኝ ሰው የለም። ሽቦውን መልሳ ካሰረች በኋላ ወደ ሽማግሌው ዞራ፣ «በቃ አታልቅስባት፣ ጨው እየነካት ነው» አለቻቸው። ይህን ስትል ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ነበር፤ እኔ ግን በጎን በኩል አይቻታለሁ።

በሠላሳኛው ቀን ሽማግሌው አነጠሱ። አንዲት ማስነጠስ። ካምሻት ያንኑ ደቂቃ ልጅቷን ከደረታቸው ፈትታ አስወጣቻቸው፤ እኩያነት እዚህ ላይ አልሠራም። ስድስት ቀን ታገዱ። ስድስቱንም ቀን በነፋሱ ከመስኮታችን ውጭ ቆሙ፤ ኮፍያውን የማዛወሩ ሥራ የኔ ሆነ፤ ማዛወሬንም በመስታወቱ በኩል አሳያቸው ነበር። በሁለተኛው ቀን ቱማር አንድ ማንኪያ ጎደለች። እናቷ የለች፤ አያቷ ታግደዋል። ያን ጊዜ ካምሻት ጋዋኗን ከፍታ ልጅቷን በራሷ ደረት ላይ አሰረቻት። ከዚያም ተቀመጠች። በሥራ ሰዓት ስትቀመጥ ያየሁት ያን ሳምንት ብቻ ነው።

በስድስተኛው ቀን ወደ መስኮቱ ሄዳ ሦስት ማንኪያ ወደ ላይ አነሣች። ኦቴገን ከውጭ፣ «ስብሽ ነው የረዳት!» ብለው ጮኹ።

«አንተማ በአጥንትህ ስትወጋት ከርመህ!» ብላ ጮኸችባቸው፤ በዚያ ክፍል ውስጥ ድምፅዋ ከፍ ሲል የሰማሁትም ያን ጊዜ ብቻ ነው።

አክማራል በአርባ ስምንተኛው ቀን ዳነችና መጣች። ምራት በአማቷ ፊት ደረቷን አትገልጥም፤ መጋረጃ ተሰቀለ፤ ልጅቷ ወደ መጋረጃው ውስጥ ገባች። ሽማግሌው ኮሪደር ላይ ቀሩ። ሸሚዛቸው ተቆልፏል፤ እጃቸውን የሚያደርጉበት አጥተዋል።

«ሂድ እንግዲህ፣ ፈረሶችህ መልክህን ረሱት» አለቻቸው ካምሻት።

«ኮፍያው አልጨረሰም» አሉ። እስከ ሰባኛው ቀን ድረስ ሃያ ኪሎ ሜትር እየተጓዙ፣ ኮፍያውን ከአንዱ ማንጠልጠያ ወደ ሌላው አዛውረው፣ አንድ ሁለት ስድብ ተቀባብለው ይመለሱ ነበር።

ስትወጣ ሁለት ሺህ ሦስት መቶ ሃምሳ ግራም ነበረች። በሩ ላይ ካምሻት ለቤተሰቡ የመጨረሻውን ነገር አስረዳች። «ይህች ልጅ ሁለት ዕድሜ አላት። አንዱ ከተወለደች የሚቆጠር ነው። አንዱ ደግሞ የተስተካከለው ነው፤ መወለድ ከነበረባት ቀን ይቆጠራል። ጎረቤት መጥቶ ‹ለምን አልተቀመጠችም፣ ለምን አልዳኸችም› ሲላችሁ ሁለት ወር ተኩል ቀንሱና መልሱለት።»

«ይሄ የተፈቀደ ነው?» አሉ ኦቴገን።

«ሐኪሞቹም የሚቆጥሩት እንዲህ ነው።»

«ጡረታ ቢሮው ይህን ሳይሰማ ብሂድ ይሻላል» አሉ።

በቀጣዩ ዓመት በሰኔ ጥሪ መጣ። ቱማር ቆማለች፤ የእግሯ ክር ይቆረጣል። መራመድ የጀመረ ልጅ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ጥቁርና ነጭ ክር ይታሰርለትና የተመረጠ ሰው ይቆርጥለታል፤ ልጁም አረማመዱ እንደ ቆራጩ ይሆናል ይባላል። ካምሻት እንዲህ ያለ ድግስ አትሄድም። አንዴ ለምን ብያት፣ «ከክፍላችን ወደ ቤት ያልሄዱት ትዝ ይሉኛል፤ የቦርሳክ ዳቦ በልቼ እነሱን ማሰብ አልችልም» ብላኛለች። የዚህኛውን ግን እምቢ ማለት አልቻለችም፤ እኩያ ነው የጠራት። የራሷ ወጥመድ ያዛት።

ቤቱ በሰው ሞልቷል። ኦቴገን እጇን ይዘው በትልቁ ምንጣፍ ራስጌ፣ ከሽማግሌዎቹ ጋር ከጎናቸው አስቀመጧት። «እኩያዬ ናት!» አሉ ለሁሉም። «የልጅ ልጄን ያተረፈች፣ እኔን ደግሞ ሦስቴ ያሳጠበች!» የፈረሱ ሥጋ ቀረበ፤ ሻይ በወተት ዞረ፤ ስድብም እንደ ሻይ ዞረ። እኔ ከበሩ አጠገብ ከወጣቶቹ ጋር ተቀምጬ እስቅ ነበር።

ያን ጊዜ አሮጊቷ ዚባሽ ገቡ። የኦቴገን ታላቅ ወንድም ሚስት ናቸው፤ ሰባ አራት ዓመታቸው፤ ዓይናቸው ግን የጭልፊት ነው። ገና ሳይቀመጡ ካምሻትን አፍጥጠው አዩ።

«አንቺ የዓሣ አጥማጁ ልጅ አይደለሽም? የባሕሩ ዳር ጎረቤታችን?»

ካምሻት ሻይዋን አስቀመጠች።

«ካምሻት ነሽ! ኧረ ልጄ! እኔ ተድሬ ከመንደሩ ስወጣ ይቺ ገና በዳዴ ትሄድ ነበር! በጀርባዬ አዝያት ሸንታብኛለች!» ከዚያ ዙሪያውን ተመለከቱና፣ «ታዲያ ከሽማግሌዎቹ ጋር ምን ታደርጋለች?» አሉ።

ሁሉም በጣቱ እየቆጠረ ነው፤ አይጥ፣ ላም፣ ፈረስ፣ በግ። ካምሻት ብድግ አለች። በፍጥነት! በሕይወቷ ፈጥና የተነሣችው ያን ቀን ነው። ወደ በሩ አፈግፍጋ ራሷን ዝቅ አደረገች።

«አባቴ፣ ይቅር ይበሉኝ።»

ኦቴገን አልተንቀሳቀሱም። «አሥራ ሁለት ዓመት?»

«አሥራ ሁለት ዓመት።»

«ዓመት ሙሉ ‹ያረጀ በግ› ስትዪኝ... »

«ልጅቷ ልትሞትብን ነበር፣ አባቴ። ለምኜዎት ነበር፤ እምቢ አሉኝ። ለሽማግሌ ከልመና ሌላ ምን ይደረጋል? ያለኝ በግነቴ ብቻ ነበር።»

እውነቱን ልናገር፣ ፈራሁላት። እኛ ዘንድ ታላቅን የደፈረ ሰው ፈረስና ካባ ይቀጣል፤ ከዚያ በላይ ግን ስሙ ይጠፋል። ሽማግሌው ከጎናቸው ባዶ የቀረውን ቦታ አዩ።

«ተመለሺና ተቀመጪ» አሉ።

«አይገባኝም፣ አባቴ።»

«አባቴ አትበይኝ!» ምንጣፉን መቱት፤ ሲኒዎቹ ዘለሉ። «እዚህ ቤት ውስጥ ስልሳ ሰው አለ፤ ሁሉም አባቴ ይለኛል። ትራስ ያመቻቹልኛል። ስናገር ዝም ይላሉ። ሳልናገርም ዝም ይላሉ። ሚስቴ ሄደች፤ ሰይት ሄደ፤ ‹አንተ፣ ሸሚዝህ ቆሽሿል› የሚለኝ አንድ ሰው አጥቼ ከርሜ ነበር።» ቱማርን በእጃቸው አሳዩ። «አንቺ ያስታወስሽው ልጅቷን ብቻ መሰለሽ? እኔም መተንፈስ ረስቼ ነበር።»

ማንም ሻዩን አልነካም። ዚባሽም ቀስ ብለው ተቀመጡ።

«ቅጣትሽን ስሚ» አሉ ኦቴገን። «በእናንተ ክፍል ዕድሜ ይስተካከላል አይደል? የኔንም አስተካክዪልኝ። አሥራ ሁለት ዓመት ቀንሽልኝ። ከዛሬ ጀምሮ ሃምሳ ስድስት ነኝ፤ አይደለህም የሚል ካለ ይውጣ!»

ካምሻት በመዳፏ ፊቷን ጠረገች። ተመልሳ መጣች፤ አሁን እንደ ወትሮዋ ነው፤ ምንጣፉን በዝግታ፣ ሰው ሁሉ እግሩን እየሰበሰበላት አቋርጣ ሄደች።

«እንግዲያው ዞር በል፣ አንተ ያረጀ በግ» አለችው። «የልጅቷን መንገድ ዘግተሃል።»

ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። ቢላውን ለካምሻት ሲሰጧት አንዲት አክስት፣ «እሷ ከቆረጠች ልጅቷ ቀርፋፋ ትሆናለች» ብላ አጉረመረመች። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል!» ብሎ አፈጠጠባት ኦቴገን፤ ይኸው እኔም ከዚያ ቀን ወዲህ «አንተ» ማለት ተጋባብኝ። «ይቺ ሴት ዘግይታ አታውቅም።»

አክማራል ቱማርን አቆመቻት። ካምሻት ተንበረከከች፤ በቁርጭምጭሚቶቹ መሀል ያለውን ክር በጣቷ ሳበች፤ ከልጅቷ ገላ አራቀች፤ ቆረጠች። ከዚያ ቀና ብላ ቱማርን አየቻት። «አቤት አስቀያሚ» አለች።

ኦቴገን ማዶ ተንበርክኮ እጁን ዘርግቷል። አክማራል ለቀቀቻት። ቱማር አንድ እግር አነሣች፤ ተንገዳገደች፤ ሁለተኛውን አነሣች። ሽማግሌው ደንጊያ ሆኖ፣ ዓይኑ ፈጦ ያያታል።

«ተንፍስ» አለችው ካምሻት።